ሁለት ባጃ በአንድ ትራክተር

ቅናቱን በግልጽ የሚያምን ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ሰው ስንፍናውን ያምናል፣ ቁጡነቱን ያምናል፣ አንዳንዱማ ውሸቱን እንደ ሙያ ያወራዋል። ቅናቱን ግን ከነኩበት «መንፈሳዊ ቅናት ነው» ብሎ ያመልጣል። ይህን መንፈሳዊ ቅናት የሚባል ነገር ብዙ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። ጎረቤቱ ፎቅ ሲያወጣ እንቅልፍ ያጣውም፣ የጓደኛው ልጅ ጥሩ ውጤት ሲያመጣ ምግብ ያስጠላውም ሁሉም መንፈሳዊ ነኝ ባይ ነው። የኔ ቅናት እንደዚያ አይደለም። ሥጋዊ ነው። ከጎድን አጥንቴ ሥር ይቀመጣል፣ ከምሳ በኋላ ይብስበታል፣ ቋሚ አድራሻም አለው። አድራሻው ቡራዩ ነው፤ የባጃዬ ቤት።

ባጃዬ የሚስቴ ታናሽ እህት ባል ነው። ሰው ሚስቱን ይመርጣል፣ ጓደኛውን ይመርጣል፤ ባጃውን ግን ሌላ ሰው መርጦ ያመጣበታል። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ በየበዓሉ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ትመዘናላችሁ። የትኛው ቀድሞ መጣ፣ የትኛው ምን ይዞ መጣ፣ የትኛው ሲወጣ የአማቱን ጉልበት ሳመ። ይህ ሚዛን አይታይም፣ ስለሱም አይወራም፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ሥራውን አቁሞ አያውቅም።

ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮ ሕይወቴ ቀላል ይሆን ነበር። ክፉ አይደለም። በወጣትነቱ ከደቡብ መጥቶ በየግንባታው ሲሚንቶ ሲሸከም የኖረ፣ ዛሬ ቡራዩ ላይ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ያለው፣ እሑድ እሑድ በቸርቹ መዘምራን መካከል ቆሞ የሚዘምር ሰው ነው። አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ሲስቅ ትከሻው አብሮ ይስቃል። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ኦሮምኛው ነው። እኔ ኦሮምኛን በሥርዓቱ ተምሬዋለሁ፤ የሰዋስው መጽሐፍ ገዝቼ፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቼ፣ ግሡን አርብቼ። እሱ የሚናገረው ከሲሚንቶ ተሸካሚዎች የለቀመውን ነው፤ ወንዱን ሴት ያደርገዋል፣ ትናንትን ነገ ያደርገዋል። የሚስቴ አባት የሆኑት አማቴ ቋንቋቸው ኦሮምኛ ነው፤ እሱ ሲያወራ እንባቸው እስኪወጣ ይስቃሉ፣ ያርሙታል፣ ከዚያም በኦሮምኛ ይቀጥላሉ። እኔ አንድ እንከን የሌለበት ዓረፍተ ነገር ሠርቼ ሳቀርብላቸው በትሕትና ይሰሙኝና በአማርኛ ይመልሱልኛል።

ይህን ለባለቤቴ ነግሬያት ነበር። «ታዲያ አንተም ተሳሳታ!» አለችኝ። ሞክሬያለሁ። ሆን ብሎ የሚሳሳት ሰው ከሩቅ ያስታውቃል።

አማቴ ሱሉልታ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአባታቸው የወረሱት መሬት አላቸው። ወንድ ልጅ የላቸውም፤ ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መሬቱን ከሦስት ከፍለው ዳርና ዳሩን ለሁለቱ ልጆቻቸው ሰጡ፤ መካከለኛውን «እኔ እያለሁ የኔ ነው» ብለው ያዙ። እኔና ባለቤቴ በድርሻችን ጫፍ ላይ ቤት ሠርተን እንኖራለን። የባጃዬ ድርሻ ላይ ድርቆሽ ይታጨዳል። መካከለኛውን አማቴ ጉልበታቸው እምቢ እስኪል ድረስ ራሳቸው በበሬ ሲያርሱት ኖሩ።

ባለፈው ፋሲካ፣ ማዕዱ ከተነሳ በኋላ፣ በሬዎቻቸውን እንደ ሸጡ ነገሩን። በሬውን ለሸጠ ገበሬ ምን ይባላል? «እንኳን ደስ ያለዎት» አይባል፣ «ያጽናዎት» አይባል። እሳቸው ግን ወደ እኔም ወደ ባጃዬም ሳይሆን ወደ በሩ እያዩ፣ «መካከለኛዋ ዘንድሮም ትታረሳለች» አሉ። «በሬ የለም፤ ለዘመኑ ሰው ግን ማረሻ አይጠፋም። ማን እንደሚያርሳት ታውቃላችሁ።»

ለሌላ ሰው ይህ የእርሻ ወሬ ነው። ለሁለታችን ግን አልነበረም። ወንድ ልጅ በሌለበት ቤት የአባትየውን መሬት የሚያርስ ሰው አማችነቱ ያበቃል፤ የቤቱ ልጅ ይሆናል። እኔ አባቴን በሕፃንነቴ ያጣሁ፣ የማንም የቤት ልጅ ሆኜ የማላውቅ ሰው ነኝ። ያቺን መሬት ማረስ ፈለግሁ። እንደ ዕቃ፣ እንደ ሹመት ሳይሆን ልጅ ነገር እንደሚፈልገው ፈለግኋት። ቀና ብዬ ባጃዬን ሳየው ሳቁን አቁሞ ነበር። ወላጆቹ ሩቅ አገር ነው ያሉት። እሱም እንደፈለጋት ገባኝ።

አንድ ችግር ነበር። አማት በሕይወት እያሉ «መሬትዎን እኔ ልረስ» ብሎ መሽቀዳደም ነውር ነው። በቁማቸው ሊወርሳቸው ቋመጠ ይባላል። ስለዚህ ሁለታችንም ምንም አላልንም። እሱ ስለ ብረት ዋጋ አወራ፣ እኔ ስለ በልጉ ዝናብ መዘግየት አወራሁ፣ ተሳስመን ተለያየን።

ትልቅ ትራክተር ተከራይቶ ማሳረስ ይቻላል። ከሩቅ የሚመጡ ባለትራክተሮች አሉ፤ ነገር ግን የኛን ዓይነት ቁራሽ መሬት ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። አንዱ እሺ ብሎ የገባ ጊዜ በሱሉልታ ጥቁር መረሬ አፈር ውስጥ እስከ ሆዱ ሰምጦ፣ የሠፈሩ ሰው ሲገፋውና ምክር ሲሰጠው ዋለ። የሚያስፈልገው ትንሽ ትራክተር ነበር፤ በበራችን የሚገባ፣ በቦዩ ላይ ባለችው ድልድይ የሚያልፍ፣ ያገለገለ፣ በኔ ዓይነት ሰው ኪስ የሚደፈር።

እኔ ደግሞ ጸሐፊ ነኝና አንድ ነገር ስፈልግ ማንበብ እጀምራለሁ። ስለ ፈረስ ጉልበት አነበብኩ፤ ስለ ጎማ ስፋትና ስለ አፈር ዓይነት አነበብኩ፤ ማረሻውን ስለሚያነሳው ሃይድሮሊክ አነበብኩ። የሞተር ዘይት ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል ማለት እንደሆነ አወቅሁ። ትራክተር ሳይኖረኝ ትራክተር ከነበራቸው ሰዎች የበለጠ አወቅሁ፤ ይህ ደግሞ በሕይወቴ በብዙ ጉዳዮች ላይ የደረሰብኝ ነው።

«በዚህ አያያዝህ» አለችኝ ባለቤቴ፣ «አንተ ትራክተሩን ስታገኝ የሰው ስንዴ ታጭዷል።»

በመጨረሻ ሰበታ ላይ አንድ ደላላ ተገኘ። ከሱሉልታ ሰበታ መሄድ ማለት አዲስ አበባን ከጫፍ እስከ ጫፍ መቁረጥ ነው። ሚኒባስ እየቀያየርኩ፣ ዓለም ገና ላይ በጭነት መኪኖች መካከል ተቀርቅሬ፣ ሥዕላዊ የትራክተር መጽሐፌን ብብቴ ሥር ይዤ ደረስኩ። ደላላው ሁለት ስልክ በአንድ እጁ የሚይዝ፣ ሲራመድ የሚያወራ፣ ሲያወራ የሚራመድ ቀጭን ሰው ነው። ከአንድ ብረታ ብረት ቤት ጀርባ ወሰደኝ። በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማለች። ድሮ ብርቱካናማ የነበረች፣ ፀሐይ የበላት፣ ከአንድ ኮርማ ብዙም የማትበልጥ። ያነበብኩት ሁሉ ባንዴ ከጭንቅላቴ ወጣ። ወደድኳት።

«ጋሼ፣ ይቺ ነፍስ ናት» አለኝ ደላላው። «ሞተሯ ተከፍቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ዙሪያውን የተቀባው አዲስ ማጣበቂያ ምንድን ነው?»

«እሱ? እሱ ለጥንቃቄ ነው።»

ኮፈኑ ላይ በጃፓንኛ የተጻፈ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። ከጽሑፉ ሥር አንድ ሰው ከትራክተር ወደ ኋላ ሲገለበጥ የሚያሳይ ሥዕል አለ።

«ይሄስ ምን ይላል?»

«ጠንካራ ናት ነው የሚለው።»

«ሰውየው እየወደቀ ነው እኮ።»

«ከጥንካሬዋ የተነሳ ነዋ ጋሼ!»

ዋጋዋ ካሰብኩት ከፍ ቢልም ከአቅሜ አላለፈም። መካኒክ ይዤ ልመለስ፣ ዘይቷን ልይ፣ ሊብሬውን ላጣራ አልኩት። ደላላው በሐዘን አየኝ።

«እኔ ለእርስዎ ብዬ ነው። ሌላ ሰው አለ።»

«ሌላ ሰው የሌለው ደላላ አይቼ አላውቅም።»

«እናቴ ትሙት! ከቡራዩ ነው። ትናንት መጥቶ ዞሯት ሄደ።»

ቡራዩ ትልቅ ከተማ ነው። ትራክተር የሚፈልግ ሰው በውስጡ አይጠፋም። ቢሆንም ከጎድን አጥንቴ ሥር ያለው ነገር ነቃ።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?» አልኩት።

ደላላው ትንሽ አሰበ። «እየሳቀ ነው የሚከራከረው» አለኝ።

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያየሁት አንድ ነገር ነው። ባጃዬ በዚያች ብርቱካናማ ትራክተር ላይ ተቀምጦ መካከለኛዋን መሬት ሲያርስ፣ አማቴ በዱላቸው ተደግፈው በዚያ በተሰባበረ ኦሮምኛው ሲስቁ፣ ባለቤቴ ለእህቷ ባል ውኃ ይዛ ስትሄድ። ትራክተሯን የማላውቀው ሰው ቢወስዳት ኖሮ አዝን ነበር። እሱ ከሚወስዳት ግን እዚያው ቆርቆሮ ሥር ዝጋ ብትበሰብስ እመርጥ ነበር። የቅናት ነገር ይህ ነው፤ ዕቃው ለራስህ እንዲሆን ከምትፈልገው በላይ ለሱ እንዳይሆን ትፈልጋለህ። ይህን መንፈሳዊ የሚያደርግልኝ ሰው ካለ ይምጣ።

በማግስቱ ደላላው ደወለ። «ያኛው ጨመረ።» እኔም ጨመርኩ። ሁለት ቀን ሳይቆይ ደግሞ ደወለ። «ያኛው ሰማ፤ አሁንም ጨመረ።» ጨመርኩ። ይህ ጉዳይ በአንድ ስልክ የሚያልቅ እንደነበር አላጣሁትም። «ባጃ፣ አንተ ነህ እንዴ?» ማለት ብቻ ይበቃል። ግን «አንተ ነህ እንዴ» ማለት «እኔ ነኝ» ማለት ነው፤ «እኔ ነኝ» ማለት ደግሞ የአማቴን መሬት በቁማቸው ቋምጬአለሁ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት የተከበሩ የቤተሰብ አባወራዎች በይሉኝታ ታፍነን፣ በአንድ ደላላ ጆሮ እየተፎካከርን፣ አንዲትን የጃፓን አሮጊት እንደ ሙሽራ አስወደድናት።

በመካከሉ አማቴ ጉልበታቸውን አሟቸው ልንጠይቃቸው ሄድን። ባጃዬም ሚስቱን ይዞ መጥቷል። አግዳሚው ላይ እንደ ልማዳችን ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ጠፋህ እኮ ባጃ» አልኩት።

«አለሁ። ሥራ በዝቶ ነው። አንተ ጋ ምን አዲስ ነገር አለ?»

«ምን አዲስ ነገር ይኖራል ብለህ ነው። አንተስ?»

«ምንም።»

«እኔም ምንም።»

ስልኬ ጠራ። አየሁት፤ ደላላው ነው። ዘጋሁት። ወዲያው የሱ ኪስ ጠራ። አውጥቶ አየና ዘጋው።

«ማነው?» አለች ሚስቱ።

«ደንበኛ ነው።»

ባለቤቴ ወደኔ ዞረች። «ያንተስ?»

«አንባቢ ነው» አልኳት።

እኔ በቀላሉ እንደዋሸሁት ሁሉ እሱም እንደዋሸ ማወቄ ሊያቀራርበን ይገባ ነበር። ይልቁንም የሱ ውሸት ከኔ የተሻለ እንደነበር እያሰብኩ ተናደድኩ። ደንበኛ ያለው ሰው ይታመናል። እሑድ ከሰዓት የሚደውል አንባቢ ያለው ጸሐፊ የት ይገኛል?

መካኒክ አገኘሁ። የዘይቱን ቀለም ሊያይልኝ አብረን ሰበታ ልንሄድ በተቀጣጠርንበት ቀን፣ ገና ጫማዬን ሳስር ደላላው ደወለ።

«ጋሼ ይቅርታ። ሰውየው መጥቶ ሙሉውን ከፍሎ ጨረሰ። ዘይቱን አላየ፣ ሥር አላጎነበሰ፣ ምንም! ቁልፉን ተቀብሎ አቀፈኝ እኮ። እንዴት ያለ ሰው ነው ባክዎ!»

በድምፁ ውስጥ አድናቆት ነበር። ደላላው እንኳ ወደደው።

ግንቦት ውስጥ፣ የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ካለሰለሰው በኋላ በአንድ ቅዳሜ፣ አይሱዙ መኪና እየጮኸ ወደ መሬቶቹ በሚያስገባው በራችን ደረሰ። ላዩ ላይ ትራክተሯ በገመድ ታስራ፣ ታጥባ፣ ማረሻ ከኋላዋ ተገጥሞላት ቆማለች። ባጃዬ ከፊት በራሱ መኪና መጥቶ ድፎ ዳቦና ሳጥን ሳጥን ለስላሳ እያወረደ ነው። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። በምሰማው እልልታ ውስጥ የባለቤቴም እንዳለበት ለየሁ። ሳንቃ ተነጥፎ ትራክተሯ ስትወርድ ከሁሉ ጠንክሬ የደገፍኩት እኔ ነኝ። ቀናተኛ ሰው እንዲህ ባለ ቀን ሥራ ይወዳል።

አማቴ በዱላቸው እየተራመዱ መጡ። እርጥብ ሣር ነጭተው ኮፈኑ ላይ አኖሩና በኦሮምኛ ረጅም ምርቃት መረቁ። ሰዉ አሜን አለ። ከዚያ ዳቦው ተቆርሶ ወሬው ሲሞቅ ባጃዬ ለጎረቤቱ ሁሉ ታሪኳን ማውራት ጀመረ።

«አንድ ሰው አስቸገረኝ እንጂ ድሮ ገዝቻት ነበር። እዚሁ ሱሉልታ ያለ አንድ እብድ ነው። እኔ ስጨምር እሱ ይጨምራል፤ እኔ ስጨምር እሱ ይጨምራል! ደላላውን ‹ምን ዓይነት ሰው ነው?› ብለው ‹አዋቂ ነው፤ መጽሐፍ ይዞ ነው የመጣው› አይለኝም? እስቲ አሁን መጽሐፍ ይዞ ትራክተር የሚገዛ ሰው ጤነኛ ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም፤ በዓይኗ ጥግ አየችኝ።

«እብድ መቼ ይጠፋል» አልኩ።

«በል እንግዲህ ባጃ፣ አንተም መርቅልኝ» አለኝ እጄን ይዞ ወደ ትራክተሯ እየጎተተ። «ቃል እንደሆነ ያንተ ነው።»

አማርኛ ጨካኝ ቋንቋ ነው። መንገዱ ለሰመረለት ሰው «ቀናው» እንላለን። የሱ መሳካት ለሚያመው ሰው ደግሞ «ቀናበት» እንላለን። ለሁለቱም አንድ ግሥ ይበቃል ብለው የወሰኑት ሰዎች ባጃ የነበራቸው መሆን አለበት። እጄን ኮፈኑ ላይ ጭኜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ሌላ ቃል ፈልጌ ስላጣሁ «ይቅናህ» አልኩ። ሰዉ ምርቃቴን ማሳጠሬን እንደ ጨዋነት ቆጥሮ ሞቅ ባለ ድምፅ አሜን አለ። በዚያች ቃል ውስጥ የትኛውን ቀና እንደተናገርኩ እኔ ብቻ አውቃለሁ፤ ምናልባት ሁለቱንም።

እጄን ከኮፈኑ ሳላነሳ ደላላው በበሩ ገባ። ሁለተኛው ቁልፍ ሰበታ ተረስቶ ኖሮ እሱን ይዞ በሚኒባስ መምጣቱ ነው። ዳቦውንም ሳያስብ አልቀረም። ዓይኑ በቀጥታ እኔ ላይ አረፈ።

«ጋሼ! እርስዎም መጡ! እኔ እኮ ተቀይመውኛል ብዬ...» ከዚያ ባጃዬን አየ፤ እኔን አየ። «እንዴ! ትተዋወቃላችሁ እንዴ?»

መልስም አልጠበቀ። «ይኸው እኮ ነው፣ የሱሉልታው ሰውዬ!» ብሎ ለባጃዬ አስተዋወቀኝ።

ባጃዬ የያዘውን ጠርሙስ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። «አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ስልክ የለህም?»

«አንተስ የለህም?»

«እኔማ እብድ መስሎኝ ነው» አለ፤ ቀልዱ ግን በመካከል ተሰበረበት። ለምን እንዳልደወለ ያውቃል። ለምን እንዳልደወልኩም ያውቃል። ሁለታችንም ሳናስብ በአጥሩ በኩል ወዳለችው መካከለኛ መሬት ዞር ብለን አየን።

አማቴ ምን እንደተፈጠረ ባለቤቴን በኦሮምኛ ጠየቋት። በአጭሩ ነገረቻቸው። ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቁም።

«መሬቴን ነው?» አሉ በአማርኛ፣ ሁለታችንንም እያዩ።

«አባባ፣ እኛ እኮ...» አለ ባጃዬ።

«እኔ ሳልሞት?»

የለስላሳ ቆርኪ የሚከፍት እንኳ ጠፋ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ግን እሷም ከሳቸው የመጣች መሬት ናት።

«አባባ ይቅር ይበሉን» አልኩ። «ፋሲካ ላይ ‹ማን እንደሚያርሳት ታውቃላችሁ› ሲሉን ከሁለት አንዳችንን መስሎን ነው።»

ሽማግሌው በጣም የተገረሙ መሰሉ። አንዴ እኔን፣ አንዴ ባጃዬን አዩ፤ ትምህርት የማይገባቸውን ሁለት ተማሪዎች እንደሚያዩ።

«ታውቃላችሁ ነው ያልኩት። አታውቁም? ይህን ሁሉ ዓመት ያረሳት ማነው?» በዱላቸው ደረታቸውን ነኩ። «በሬ የለኝም፣ ማረሻ አምጡልኝ ማለቴ ነበር። ማን ‹እረሱልኝ› አላችሁ?»

ከዚያም የሚመልስላቸውን ሳይጠብቁ ወደ ትራክተሯ ሄዱና መቀመጫውን ከታች ወደ ላይ አዩት። «ሳጥኑን አምጡ» አሉ።

ባጃዬ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ አስቀመጠላቸው። እሱ በአንድ ብብታቸው፣ እኔ በሌላው ገብተን አወጣናቸው። ከባድ ሰው ናቸው። ባለቤቴና እህቷ «አባባ ጉልበትዎ!» እያሉ ጮኹ፤ እሳቸው ግን መሪውን ይዘው መሬታቸውን እያዩ ነበር። ባጃዬ ቁልፉን አዞረው፣ ሞተሩ ሳል ሳል ብሎ ተነሳ። ማርሹ ላይ ሲደርስ ግን ባጃዬ ግራ ተጋባ። ከመቀመጫው አጠገብ ኤሊና ጥንቸል የተሣሉበት ዘንግ አለ፤ ምን እንደሆነ አያውቅም።

«ኤሊዋ ላይ አድርገው» አልኩት። «ዝግተኛው እሱ ነው።»

«ኤሊ?» አሉ አማቴ ከላይ ሆነው፤ «እኔን ኤሊ ላይ?»

«ለዛሬ ብቻ ነው አባባ።»

አጥሩ ተከፈተ። ትራክተሯ በሰው እርምጃ ወደ መካከለኛዋ መሬት ገባች፣ ባጃዬ በቀኝ እኔ በግራ የጎማውን ከለላ ይዘን እየተራመድን። ማረሻው ወርዶ አፈር ሲነክስ ጥቁሩ መሬት እየተገለበጠ መጣ። ችግሩ ወዲያው ታየ። አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረሱት ማረሻውን ከፊታቸው እያዩ ነው። አሁን ማረሻው ከኋላቸው ሆነ፤ እሳቸው ደግሞ ማረሻ ሳያዩ ማረስ አይሆንላቸውም። ስለዚህ አንገታቸውን አዙረው ወደ ኋላ ያያሉ፣ መሪው አብሯቸው ይዞራል፣ ትራክተሯ ወደ ባጃዬ የድርቆሽ መሬት ታዘነብላለች።

«ወደ ፊት ይዩ አባባ!»

«ማረሻው ከኋላ ነው እኮ!»

«መሪው ከፊት ነው!»

«መሪማ በሬዎቹ ያውቁት ነበር!»

ለበሬዎቻቸው ይሉት እንደነበረው በኦሮምኛ «ኮቱ! ኮቱ!»፣ ና! ና! እያሉ ሞተሩን ይጠሩታል። ትልሙ እንደ እባብ ሄደ። እኔና ባጃዬ እየሮጥን መሪውን ስንመልስ ጭቃው እስከ ጉልበታችን ደረሰ፤ ጎረቤቱ አጥሩ ላይ ተደግፎ ይስቃል፣ ይመክራል፣ ለስላሳ ይጠጣል። አንድ ዙር ሞሉ። ደከሙ ብዬ አሰብኩ። ባጃዬም እንደዚያው ሳያስብ አልቀረም፤ እጁን ዘርግቶ «አባባ፣ በቃዎት፤ እስቲ አሁን እኔ...» አላቸው።

«አንድ ዙር ልድገም» አሉት ሳያዩት።

ያን ጊዜ ፊቱን አየሁት። ላቡ ይወርዳል፣ ሳቁ የለም፣ ዓይኑ መሪው ላይ ካሉት የሽማግሌ እጆች አልተነቀለም። ራሱ ከፍሎ በገዛት ትራክተር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ሲያርስ እያየ ነው። ያንን ፊት በደንብ አውቀዋለሁ፤ እስከዚያ ቀን ግን የማውቀው ከውስጥ በኩል ብቻ ነበር። ከውጭ ሲያዩት እንዲህ ልጅ ልጅ የሚመስል መሆኑን አላወቅሁም። ባገኘሁት ቁጥር ደስታው ሲያመኝ ለኖርኩት ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩለት። ትንሽም ደስ አለኝ፤ ሁለቱን እንድለያይ የሚጠይቀኝ ስለሌለ አልለያየኋቸውም።

አማቴ ሁለተኛውን ዙር ጨርሰው ሦስተኛውን ጀመሩ። የባለቤቴን ጩኸት መስማት ትተዋል። አንዴ ዘንጉን በዱላቸው ጫፍ ነክተው ጥንቸሏ የቷ እንደሆነች ጠየቁኝ፤ አልሰማሁም ብዬ አለፍኩ።

«ይወርዱ ይሆን?» አለኝ ባጃዬ፣ በጭቃ እጁ ግንባሩን እየጠረገ።

«የሚወርዱ አይመስለኝም።»

«ነገስ?»

«ነገም።»

ትራክተሯ ዳር ደርሳ ወደ እኛ ዞረች። ሁለታችንም መንገድ ለቀቅን።